በሽማግሌ የተፈረደ ቸርኬ

ናይሮቢ ውስጥ ስለ መኪና ቸርኬ "አላውቅም" የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የታክሲ ሹፌሩ ያውቃል፣ የግቢያችን ጠባቂ ያውቃል፣ ኪሊማኒ ቁጭ ብሎ ጥብስ እየጠቀለለ ስልኩን የሚያገላብጠው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃል። የሁሉም እውቀት ቢጨመቅ የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ ሰፊ ይሁን፣ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ያብለጭልጭ። አስተማሪያቸው ማታቱ ነው፤ ይህ ከተማ የሚሳፈርበት፣ ከጣሪያው እስከ ጎማው ቀለም የተለቀለቀው ሚኒባስ። ማታቱ ያምራል ብሎ ከሚያምን ሰው ጋር ስለ ሚሊሜትር ማውራት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

እኔ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ። አንድ ዳዶ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት መጽሐፍ ሳላይ አላጠብቅም፤ ካጠበቅኩ በኋላም ሌላ ሰው መጥቶ ያየዋል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ሰው መናቅ የጀመርኩት በሥራዬ ምክንያት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ ግን አትቀበልም። "ከእናትህ ሆድ ይዘኸው የወጣኸው ነው፤ ሥራው ሰበብ ሆነልህ" ትላለች።

መኪናዋ የእኔና የአንድ ጓደኛዬ ነበረች። እኔ ከመወለዴ በፊት ጃፓን የተሠራች፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ጀርባዋ አጭር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ስፖርት መኪና ናት። ሊሙሩ አካባቢ አንድ የሻይ እርሻ መጋዘን ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት አገኘናት። ጓደኛዬ የእርዳታ ድርጅት የሎጂስቲክስ ኃላፊ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ ናይሮቢ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ፣ እኔ ስመጣ አራት ወር ሳሎኑ ውስጥ አስተኝቶኛል። መኪናዋን ኪሌሌሽዋ የተከራየሁት ቤት ጓሮ አስገብተን ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራናት። ሠራናት ስል እኔ ሠራሁ፣ እሱ አቀበለ። ያኔ የማስበው እንደዚህ ነበር።

ዘንድሮ የጓደኛዬ ድርጅት ፕሮጀክቱን ዘጋና ወደ አገር ቤት ሊመለስ ሆነ። በረራው ለአንድ እሑድ ማታ ተቆረጠ። በዚያው እሑድ ጠዋት በየዓመቱ የሚደረገው የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ነበር። "ከዚህ አገር ሌላ ምንም አልፈልግም" አለኝ። "አንድ ጊዜ፣ እኔ እየነዳኋት፣ እዚያ ሜዳ ልግባ። ከዚያ በኋላ ያንተ ትሁን።" ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ቀለሙም ደርቋል። የጎደላት ቸርኬ ብቻ ነበር። የድሮዎቹን ዝገት ስለበላቸው በመዶሻ ነካ ባደርጋቸው ተፈረፈሩ። አዲስ የሚሠራው ውጭ አገር በትእዛዝ ነው፤ ተሠርቶ ናይሮቢ እስኪገባ አምስት ሳምንት ይፈጃል። የቀረን አሥር ሳምንት ነበር። ተሳስተን ደግመን የምናዝበት ጊዜ አልነበረንም።

ቸርኬ የሚመረጠው በሁለት ቁጥር ነው። አንዱ ስፋቱ ነው፤ በኢንች ይነገራል። ሌላው ኦፍሴት የሚባለው ነው፤ ጎማው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ የሚወስን፣ በሚሊ የሚነገር ቁጥር። ፕላስ ሲሆን ጎማው ወደ ውስጥ፣ ወደ አሞርዛተሩ ይጠጋል። ማይነስ ሲሆን ወደ ውጭ ይወጣና ፓራፋንጎውን ይታከካል። ዜሮ ሲሆን መሃል ይቆማል። አንድ ልጅ በአሥር ደቂቃ የሚገባው ነገር ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ግን ኢንተርኔት ላይ ዓመት ሙሉ ይሰዳደቡበታል። እኔም ገብቼ አነበብኳቸው። አንዱ ያለ ልኬት "ይገባል፣ እመነኝ" ይላል፤ ሌላው የመኪናውን ፓራፋንጎ በመጋዝ ቆርጦ "ገባልኝ" ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። እግሩን ቆርጦ ጫማው ልክ ሆነልኝ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ሦስት ቅዳሜ ለካሁ። ሞላዎቹን አወጣሁ፣ የመኪናዋን እግር በክሪክ ወደ ላይ ወደ ታች አደረግኩ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዞርኩ፣ የእያንዳንዱን ቦታ ክፍተት ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ጓደኛዬ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ቆሞ ነበር። መልሱ አንድ ብቻ ሆኖ ወጣ፤ ስፋት ሰባት፣ ኦፍሴት ዜሮ። ለራሴ አጉረመረምኩና ደብተሬን ዘጋሁ። ለሱ ቁጭ ብዬ አላስረዳሁትም። ማስረዳት ለሚገባው ሰው ነው ብዬ ነዋ።

እሱ ደግሞ በየቀኑ ፎቶ ይልክልኛል። ዘጠኝ ኢንች ስፋት፣ ማይነስ ሃያ አምስት፤ ጎማው ከአካሏ ወጥቶ የተንዘረጠጠ፣ መሃሉ ወጥ የሚቀርብበት ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ። ከሥሩ "ይቺስ?" ብሎ ይጽፋል። "ለማታቱ ረዳትነት ተመዝገብ" ብዬ እመልሳለሁ። በነጋታው ሌላ፣ ከዚያ የባሰ፣ ወርቃማ። "ይቺስ?"

ነገሩ የፈነዳው መሥሪያ ቤቱ ሊሸኘው ኪሊማኒ አንድ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ምሳ በጋበዘው ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ አሥር ሰው ይሆናል። ስልኩን አውጥቶ የወርቃማዎቹን ፎቶ ለባልደረቦቹ አሳየና ወደ እኔ ጠቆመ፤ "እሱ አይወድም" አላቸው እየሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ። አንዷ "ሶ ናይስ! ለምን አትወድም?" አለችኝ። እኔ ሲሳቅብኝ አልወድም። "ይሄ ሰውዬ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ የተማረው ቡሎን ማቀበል ነው። ዶሮዎቹ ከሱ በላይ መኪናዋን ያውቋታል።" ጓደኛዬ የጎረሰውን ዋጠ፣ እጁን ጠረገ፣ ለሰዎቹ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ወጣ። የራሱን ግብዣ ጥሎ ሄደ። እኔ ምሳዬን ጨረስኩ።

ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። ልደውል ስል "አጥፍቷል፣ እሱ ይደውል" እላለሁ። ያጠፋው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ቀኑ እየሮጠ ነው፤ በዚያ ሳምንት ካልታዘዘ ቸርኬው ለትርኢቱ አይደርስም። በመጨረሻ ሚስቱ ሽማግሌ ላከችብን።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ኢስሊ መጋረጃ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው፤ ሁለተኛው ፓርክላንድስ የሚኖሩ፣ ከሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው። ናይሮቢ ውስጥ ሁለት ሐበሻ በምንም ነገር ቢጣላ፣ በትዳር ይሁን በቤት ኪራይ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው የሚጠሩት። ለቸርኬ ግን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። በመንገዱ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። አሞርዛተርና ባልዲ የማይለዩ ሁለት አዛውንት የአንድን መኪና ኦፍሴት ሊፈርዱ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድኩም። ሽማግሌ እንዴት እንደሚፈርድ አውቃለሁ። ሽማግሌ ልኩን አይፈልግም፤ መሃሉን ይፈልጋል። አንዱ አሥር ሌላው ሃያ ካለ አሥራ አምስት ብሎ መርቆ ይሸኛል። ጓደኛዬ ዘጠኝና ማይነስ ሃያ አምስት ሊል ነው፤ እስከተጣላንበት ቀን ድረስ በየቀኑ ፎቶውን ልኮልኛል። እኔ ሰባትና ዜሮ ካልኩ መሃሉ ይበላሻል። ስለዚህ ወዲያኛው ጥግ ሄጄ አምስትና ፕላስ ሃያ አምስት እላለሁ። መሃል ሲቆርጡ፣ ሳያውቁት፣ ሰባትና ዜሮ ላይ ያርፋሉ። አስፋልቱ ላይ እየነዳሁ በራሴ ብልጠት ተደሰትኩ።

ጋሼ ቤት ሻይ ቀረበ። ጓደኛዬ ተነስቶ ጨበጠኝ፤ አልሳቀም። ሐጂ "እንግዲህ" አሉ፣ "የሰማነውን ስድብ ለአላህ እንተወዋለን። የመኪናውን ነገር ግን ዛሬ እንጨርሳለን። አንተ በዕድሜ ትበልጣለህና ጀምር። ልብህ የሚፈልገውን ተናገር።"

"አምስት ኢንች፣ ኦፍሴት ፕላስ ሃያ አምስት" አልኩ። ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም።

ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ።  ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"ሰባትና ዜሮ" አለ። "ሌላ አልፈልግም። ልኳ እሱ ነው።"

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ የሚባለው ብልጦቹ ሁለት ሲሆኑ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበርኩ።  ያን ጊዜ "እኔም ሰባትና ዜሮ ነው" ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሻዩን ጠጥተን እንሄድ ነበር። ግን ታዲያ ቅድም ያልከው ምን ነበር ቢሉኝስ? ሽማግሌ ፊት ቀርቤ፣ ልብህን ተናገር ተብዬ፣ ዋሸሁ ልበል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አራቱን ቁጥሮች አንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፉ። "ስድስት ብንለውስ?" አሉ።

"ስድስት ሁለቱንም ያስከፋል" አሉ ሐጂ። "እኔ ሱቅ ባልና ሚስት በመጋረጃ ሲጣሉ ቀለሙን ለሷ፣ ርዝመቱን ለሱ ነው የምሰጠው፤ ተቃቅፈው ይሄዳሉ። ስፋቱ እሱ እንዳለው ይሁን፣ ሰባት። ያኛው፣ ኦፍ ምናምን ያልከው፣ አንተ እንዳልከው ይሁን፣ ፕላስ ሃያ አምስት። ሁለታችሁም ሰጣችሁ፣ ሁለታችሁም አገኛችሁ።"

ሐጂ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ነበር ያወቅኩት። ሰባት ኢንች የሚሰፋ ቸርኬ ሃያ አምስት ሚሊ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ጎማው አሞርዛተሩ ላይ ያለውን የሞላ መቀመጫ ይነክሰዋል። አንዷን ቁጥር ከአንዱ፣ ሌላዋን ከሌላው ወስዶ መኪና አይጫማም። ሐጂ ግን እኔ እንደገመትኳቸው ሞኝ አልነበሩም። ጣታቸውን ቀሰሩና እኔን ጠየቁ።

"እኛ መሃይም ነን። አዋቂው አንተ ነህ። ይገጥማል?"

ሦስቱም ያዩኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ፤ ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል አልነበረም፤ መልስ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

"ይገጥማል፣ ሐጂ" አልኩ።

"አንተ ካልክ ይገጥማል" አለ ጓደኛዬ፣ ፊቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ተነስተን ይቅር ተባባልን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ጋሼ መረቁን። በሆዴ ግን ሌላ እቅድ ነበር። ትእዛዙን የምልከው እኔ ነኝ፤ ዜሮ ብዬ አዝዛለሁ፣ ማንም አያውቅም። በር ላይ ጫማችንን ስናጠልቅ ስልኩን አሳየኝ። "አዘዝኩት! አንተ እንዳትደክም ብዬ። ሽማግሌ የቆረጠው ነገር አይደር።" ሳቀና ጀርባዬን መታ አደረገኝ። የሠሪዎቹን መልእክትም አስተላለፈልኝ፤ ትእዛዙን እስከ ዓርብ ድረስ መቀየር ይቻላል ይላል።

አምስት ቀን ነበረኝ። ሰኞ ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳሁና ስብሰባ አለብኝ አልኩ። ማክሰኞ፣ ምናልባት ስለካ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ፤ በሕይወቴ ተሳስቼ ይሆናል ያልኩበት ብቸኛ ቀን ነው፣ እሱም ውሸት ነበር። ረቡዕ፣ የሠሪዎቹ ቸርኬ ከውስጥ ቀጠን ብሎ ይመጣ ይሆናል አልኩ። ሥራ ቦታ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ቢያስረዳኝ ከሃንጋሩ አባርረዋለሁ። ዓርብ አለፈ።

ቸርኬዎቹ ከትርኢቱ ሦስት ቀን በፊት ደረሱ። ውብ ነበሩ። ጎማ አስገጥመንባቸው፣ በነጋታው መኪናዋን በተጎታች ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ፈንዲው፣ ማለትም መካኒኩ፣ በዕድሜ እኔን የሚያክል ዝምተኛ ኬንያዊ ነው። ጓደኛዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል፤ ከዚያው ሊነዳት ነው። ፈንዲው የፊት ግራውን ቸርኬ አስገባ፣ ዳዶዎቹን አጠበቀ፣ ጎማውን በእጁ ገፋው። ጎማው ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ። ደግሞ ገፋው። ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየና ቀና አለ።

"ኢናጉሳ፣ ቦስ" አለ። "ውስጥ አሞርዛተሩን ይነካል። ግን ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፤ ቶርኖ ቤት ስፔሰር እናስቆርጥ፤ ሃያ አምስት ሚሊ ብረት መሃሉ ይገባና ወደ ውጭ ያወጣዋል። ረዘም ያለ ቡሎን እናደርጋለን። ነገ ምሳ ሰዓት ትሄዳለች።"

እፎይ አልኩ። ወደ ጓደኛዬ ዞሬ ልስቅ ነበር። እሱ ግን ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የተነካውን ቦታ እያየ ነው።

"ሃያ አምስት" አለ። "ይሄ ሰውዬ ለካው ወይ? አልለካም። እንዲያው አይቶ ነው ያወቀው። አንተ ሦስት ቅዳሜ ለክተሃል። ጋሼ ቤት ስትጠየቅ አውቀህ ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሐጂ ሳይጨርሱ።"

"አምስት ኢንች ስትልስ?"

 መልሱን ከፊቴ አነበበው፤ ደብተር ላይ ያለ ቁጥር ያህል ግልጽ ሳይሆንለት አልቀረም።

"እኔ ሰባትና ዜሮን ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል?" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ካንተ ነው። ሜትሩን ይዤ ቆሜ ስታጉረመርም ሰማሁህ። ስድስት ዓመት ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያን ወርቃማ ቆሻሻ የምልክልህ ስትናደድ ስለምታስቀኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት ስንቀርብ፣ አንተ እንዳታፍር፣ ያንተን ቁጥር ነው ያልኩላቸው።"

ተነሳ፣ እጁን በሸሚዙ ጠርጎ አሻራውን ሸሚዙ ላይ አየው፣ ለፈንዲው "አሳንቴ" ብሎ አመስግኖ ወጣ። ታክሲ ሲጠራ ከአጥሩ ወዲያ ድምፁ ይሰማኛል።

በነጋታው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ቶርኖ ቤት ቆምኩ። አራቱን ስፔሰር አስቆረጥኩ፣ ራሴ ለካሁ፣ ራሴ አጠበቅኩ። እኩለ ቀን ላይ መኪናዋ ከስድስት ዓመት በኋላ በእግሯ ቆመች። ሰባትና ዜሮ። ፓራፋንጎውና ጎማው እኩል ተሰለፉ። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያያታል፤ የማታቱ ሹፌሮች ሳይቀሩ ጥሩምባ ነፉልኝ። እነሱም ልኩን ያዩታል ማለት ነው። ይህንን እንኳ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ኪሊማኒ ጓደኛዬ ቤት ደጅ አቆምኳት። እቃ እያሰረ ነበር መሰለኝ፣ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር እጁ ላይ እንዳለ ወረደ። አንድ ጊዜ ዞራት። መዳፉን በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል አስገብቶ ክፍተቱን ለካ።

"ልክ ናት" አለ።

ቁልፉን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። "ነገ ትርኢቱ..." አልኩ። "ነገ ቤት አስረክባለሁ" አለ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ይህን ቃል ለሱ ከልቤ ብዬው አላውቅም።

"ይቅር ተባብለናል እኮ" አለ በእርጋታ። "ሽማግሌ ፊት።" ትከሻዬን መታ አደረገና ወደ ቁልፉ በአገጩ ጠቆመ። "አንተ ንዳት። እዚህ ቆሜ አያታለሁ።"

ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ቀስ ብዬ ወጣሁና ከመታጠፊያው በፊት በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ታጠፍኩ፤ ጎማው የትም አልነካም።